አሥራ አራት ገጽ

ደብረ ማርቆስ፣ ከዩኒቨርሲቲው በር ወደ ታች ወረድ ብሎ፣
የኔ ሱቅ አለችላችሁ፣ «ጽሕፈትና ኮፒ» የሚል ቆርቆሮ ተሰቅሎ።
«ኮፒ»ውን ዝናብ በልቶት «ጽሕፈት» ብቻ ቀርቷል፤
ግድ የለም፣ የመጣ ሁሉ ለምን እንደመጣ ያውቃል።

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ ገጹን በአምስት ብር፣
የሰው ደብተር ዘርግቼ ስቀጠቅጥ ስኖር፣
በጣቴ ያላለፈ ምን ነገር ነበር?
የድልድይ ሸክም፣ የውርስ ሕግ፣ የስንዴ ዋግ፣ የጨሞጋ አፈር።
ዓይኔ ከደብተሩ፣ ጣቴ ከኪቦርዱ፣
እኔ ግን የትም አልነበርኩ፤ ቃላቱ በላዬ ሲሄዱ
እንደ አውቶቡስ መንገደኛ፣ ደጀን ወርደው የሚበተኑ፣
ስማቸውን ሳልጠይቅ፣ ከየት እንደሆኑ።
«ዛሬ ምን ጻፍሽ?» ባሌ ሲጠይቀኝ ከእራት በፊት፣
«ሃያ ሰባት ገጽ» እላለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ባዶ ቋት።

ሰኔ ነበር። ከጮቄ የወረደ ዶፍ ምሰሶ ጥሎ፣
መብራት ሄደ፤ አንድ ቀን፣ ሁለት፣ ሦስተኛም ውሎ።
ጄኔሬተር የለኝ፤ የላፕቶፑ ባትሪ እንደ ሽማግሌ ጉልበት
አሥር ደቂቃ ቆሞ፣ እርፍ አለ በድንገት።
አንሙት መጣ፣ የሸበል ልጅ፣ የጤና ተማሪ፤
«እትዬ ስመኝ፣ ፈተናው ሐሙስ፣ ደብተሩም የሰው፣
ነገ ተመላሽ፤ በይ አንድ ዘዴ ፍጠሪ!»
«አንተስ እጅ የለህም?» ልለው አልኩና ተውኩት፣ ብር ብር ነው፤
ሻማ አበራሁ። የመጀመሪያው እስክሪብቶ ደርቋል፣
ሁለተኛው እሺ አለኝ፣ ትንሽ ተንፍሼ ባሞቀው።

አሥራ አራት ገጽ፣ ስለ ኩላሊት።
ጣት ሲሮጥ እንጂ እጅ ሲያዘግም ለካ አላውቅም፤ ያቺን ሌሊት
«ደም ይገባል» ብዬ ጽፌ፣ «በየት?» አልኩ ሳላስበው፤
መልሱ ሁለት መስመር ታች ነበር፣ አላስቻለኝም፣
ቀድሜ አነበብኩት፣ ተመልሼ ልጽፈው።
ቱቦውን ስስል ጠመመብኝ፤ ሰረዝኩት፣ እንደገና ሳልኩት፣
ሲታጠፍ አጠፍኩት፣ ሲጠብ አጠበብኩት፣
ውሃው የት እንደሚመለስ፣ ጨው የት እንደሚቀር፣ በቀስት ጠቆምኩት።
የደብተሩ ባለቤት «ያጣራል»ን «ያጥራል» ብሎ ጽፎ ኖሮ፣
ገረመኝ፤ እንዲህ ያለ ስህተት ስንቴ ተይቤ ይሆን ሳላየው፣
ለስንቱ ልጅ፣ በአምስት ብር ተቆጥሮ?
መገልበጥ ለካ ሁለት ነው፤
ማሽኑ እንደ ጠላ ጣሳ ይገለብጠዋል፣ ሳይቀምስ፤
እጅ ግን እንደ ማረሻ፣ የታችኛውን ወደ ላይ፣ አፈሩ እስኪለሰልስ።

አንሙት ገጾቹን ወሰደ፣ ሰባ ብር ከፈለ፤
በሳምንቱ መጣ፣ ፊቱ እንደ ክረምት ሰማይ ጠቁሮ፣ «ወጣ» አለ፣
«ኩላሊት ወጣ፣ ሥዕሉ ጭምር። ጽሕፈትሽ ታየኝ፣ ሰማያዊው ቀስት ሁሉ፤
የት እንደሚያመለክት ግን ጠፋኝ።»
የኔ እጅ ተምሮ ልጁ ወደቀ፤ ወይ ዕድሉ!
ሰባውን ብር ልመልስለት ብል፣ «ተይው» አለ፣ አልተቀበለኝም፤
ያወቅሁትን ልመልስለት ብል፣ እሱ ደግሞ አይመለስም።

ባለፈው ጥቅምት የእናቴ እግር አበጠ። ሐኪሙ ወረቀት ስቦ
ሊያስረዳኝ ጀምሮ ሲቸኩል፣ እስክሪብቶውን ተቀበልኩትና
ሳልኩለት፣ ያንን ጠማማ ቱቦ።
«ነርስ ነሽ?» አለኝ። «ጸሓፊ ነኝ» አልኩት።
እናቴ ቀና ብላ አየችኝ፤ እኔም ቃሉን ያን ዕለት ሰማሁት።

ላፕቶፔን አልሸጥኩም፣ ሞኝ አይደለሁም፤ እንጀራዬ ነው፣
ቀን እንደ ድሮው ጣቴ ይሮጣል፣ መንገደኛው ደጀን ይወርዳል፣ ስሙን ሳልጠይቀው።
ማታ ግን፣ በሩን ከዘጋሁ በኋላ፣ ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር አለኝ፣
ከዕለቱ ሥራ አንድ ገጽ፣ አንዲት ብቻ፣ ደስ ያለኝ።
ዛሬ ስለ ድልድይ ነው፤ ሸክሙ ከየት ወዴት እንደሚሄድ።
ገና ሦስተኛው መስመር ላይ ነኝ፤
እጄ አልገባው ብሎ፣ እንቢ አለኝ መሄድ።